በቁጥር አምድ ውስጥ የተጻፈ ቃል

ውድ ሳላኒዬታ፣

«እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ኖሬ ዛሬ ለወጉ ያህል ብጠይቅሽ አንቺም ትታዘቢኛለሽ። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ከመንደራችን ካርታ ላይ ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ። ባሕሩ አይደለም፣ መንግሥትም አይደለም። ለሰው ሁሉ «ማሽኑ ነው» ብዬ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የፓስተሩ ልጅ ኡናይሲ ናት። ባለፈው የወይን ለቀማ ጊዜ ባሕር ማዶ፣ ሚልዱራ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እንዳየችሽ ነግራኛለች። ከስታለች አለችኝ፣ ጸጉሯንም አሳጥራዋለች። ልታናግርሽ ስትል መዝሙሩ ሳያልቅ ወጥተሽ ሄድሽ። ዘንድሮም ወደዚያው ስለምትሄድ ካገኘችሽ ትሰጥሻለች፣ ካላገኘችሽ ይዛው ትመለሳለች። እኔ ግን እንደምታነቢው አድርጌ ነው የምጽፈው።

መንደራችን ናኮሮሳራ አንቺ የምታውቂያት አይደለችም። የመቃብራችንን የመጀመሪያ ረድፍ ባሕሩ ወስዶታል። የእናትሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስለሆነ አለ፣ አትስጊ። በዳርቻው የምንተክለው ካሳቫ ቅጠሉ ይገረጣል እንጂ ሥር አይዝም። የባሕር ሙላት በሆነ ቀን ከቤት ወደ ቤት የምንሄደው በጣውላ ላይ ነው። አምና መንደሩ ተሰብስቦ ወደ ኮረብታው፣ ከጥድ ተክሉ በስተጀርባ፣ ለመውጣት ተስማማ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ግን ለመንደሩ ያለቀስኩ መሰለው።

አንቺ ስትሄጂ ሥራ አልነበረኝም። አሁን ላምባሳ ከተማ ካርታ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዲት ሕንዳዊት ባልቴት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ወንድሜ ሳኪዩሳ ቤት። እሱ፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆቻቸው፣ እኔም በር አጠገብ ምንጣፌን ዘርግቼ። አላገባሁም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፣ ወሬው ረጅም ነው። ሰው በሞላበት ቤት እንግዳ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

መዛወሩ ሲቆረጥ የቤቶቹን ዝርዝር ካርታ ላይ የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የመንደሩ ልጅ ናት ብለው ነው። ሹማችን ዛሬም የእናቴ ወንድም ሞሞ አሚኒያሲ ናቸው። ደብተራቸውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩና የእያንዳንዱን ቤት የድንጋይ መሠረት ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ በቤቱ ያለውን የሰው ብዛት ጻፉ። ሠላሳ አንድ መሠረት ሆነ። እኔ ደግሞ እየተከተልኩ የየቤቱን ቦታ በስልኬ ለካሁና ሁሉንም ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ሰው ያለበት ቤት ኮረብታው ላይ ቦታ ያገኛል። ሰው የሌለበት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ እንደሚመለስ ሹሙ ይመስክር፣ የሹሙ ቃል ይበቃል።

በእናንተ ቤት መሠረት በናቫቱ ስም ትይዩ፣ የሰው ብዛት በሚጻፍበት ቦታ ሞሞ «ትመለሳለች» ብለው ጽፈው ነበር።

«ሞሞ፣ እዚህ ጋ የሚገባው ቁጥር ነው። ዜሮ ልበለው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዜሮ ትውልዱ ለተቋረጠ ቤት ነው። ሳላኒዬታ ሞታለች እንዴ?»

«አልሞተችም። የለችም ነው የምልዎት።»

«መራቅና መሞት አንድ ሆኖብሻል አንቺ ልጅ። እኔ ያለውን ጽፌያለሁ፤ አንቺም እንዳለ ገልብጪው።»

አያቶቻችን ቤት ቢበሰብስ፣ ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢወስደው፣ መሠረቱ ስሙን እንደያዘ ይቀመጣል ይሉ እንደነበር አንቺም ታስታውሺያለሽ። በሕይወት ያለ ሰው መሠረት ላይ ዜሮ መጻፍ ለሞሞ ሰውን በቁሙ እንደመቅበር ነው። ስለዚህ እንዳሉት አደረግሁ። ሠላሳው ረድፍ ላይ ቁጥር፣ አንዱ ላይ ቃል።

ቢሮ ሄጄ ሰንጠረዡን ወደ ካርታው ፕሮግራም ሳስገባው ነገሩ ሁሉ ተዘበራረቀ። የሞሞ ቤት መለያ «01» ነበር፤ ፕሮግራሙ ዜሮዋን በልቶ «1» አደረጋት። የሰው ብዛቱን ደግሞ በአንዲቷ ቃል ምክንያት አምዱን በሙሉ እንደ ጽሑፍ ቆጠረው። ስድስት ስድስት መሆኑ ቀርቶ እንደ ስም የሚጠራ ነገር ሆነ። ደምር ብለው አይደምርም። በየቤቱ ላይ እንደ ሰዉ ብዛት ትልቅና ትንሽ ክብ ሳል ብለው አይስልም። አለቃዬ ዲሬንድራ ከኋላዬ ቆሞ ሳቀ።

«ቪኒ፣ ይሄ ማሽን ቁርጥ አማቴን» አለኝ። «ጥቂት መስመር ያያል፣ ሌላውን ይገምታል፣ ከዚያ ሁሉን አወቅሁ ይላል። ከማስገባትሽ በፊት የትኛው አምድ ቁጥር፣ የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ አንቺ ንገሪው። አለበለዚያ እሱ ይወስንልሻል።»

ቃሏን አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቀኝና ነገርኩት። መፍትሔውም ወዲያው መጣለት። ከጎኑ «ማስታወሻ» የሚባል የጽሑፍ አምድ ክፈቺ፣ ቃሉን ወደዚያ አዛውሪው፣ ቁጥሩን ባዶ ተዪው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም አለኝና የሮቲ ቂጣውን ይዞ ምሳ ሊበላ ወጣ።

ሳላ፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። እኔ ግን አላደረግሁትም። መለያውን «ጽሑፍ» አልኩት፣ የሞሞ ዜሮ ተመለሰች። የሰው ብዛቱን «ሙሉ ቁጥር» አልኩት። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለችና አንድ ረድፍ ወደ ቁጥር ሊለወጥ አልቻለም፣ ባዶ ይቀራል፣ ልቀጥል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የማን ረድፍ እንደሆነ ሳላይ አውቄዋለሁ። ቁጥር የሌለው ቤት ክብ አይሳልለትም፣ ቃሏም ከጠፋች ምስክር አይኖረውም።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። እናትሽን አሰብኩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት በኮኮናት ወተት የፈላ የዓሣ መረቅ በማንኪያ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ ይዞሩ ነበር። ደወልኩልሽ። አንድ ሁለቴ ጠራ፣ ከዚያ ቁጥሩ ከነጭራሹ ጠፋ። ሲቀበሩ ሴቶቹ ምንጣፍ እያነጠፉ መጡና ከሬሳው ራስጌ የልጅ ቦታ ባዶ መሆኑን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ምንም ሳይለኝ ሄጄ ተቀመጥኩበት። መቶ ቀን ጥቁር የለበስኩት እኔ፣ በመቶኛው ቀን ሐዘኑን ያነሳሁት እኔ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ አልቆ ተደብቃ ነው፣ ከወጣች መግባት አትችልም የሚሉ ነበሩ። ሀብታም አግብታ ረስታናለች የሚሉም ነበሩ። እኔ ከሁለቱ ንዴቴን የሚያግዝልኝን መርጬ አመንኩ።

ከሄድሽ አይቀር ሂጂ አልኩ በሆዴ። «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ መንደር ወሰድኩት። በመሰብሰቢያው አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ቤቱ ላይ እያሳረፈ ሳቀ፤ የሳኪዩሳ ሚስት የእነሱ ክብ ከሁሉም መብለጡን አይታ ለጎረቤቶቿ ጉራዋን ነዛች። ሞሞ በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። አንድ ጎደለ አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ማሽኑ አልቀበል አለ» አልኩ።

ሞሞ ትንሽ አዩኝና «ኢሳ» አሉ፣ ለሞተ ሰው እንደምንለው ቀስ ብለው። ከዚያ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከማሽን ጋር ማን ይጣላል? የመንግሥት አጣሪዎቹ በሳምንቱ ካርታውን አጸደቁት፣ የምስክርነቱም ጊዜ በዚያው ተዘጋ። ወንድሜ ቤት ሄጄ ካሳቫዬን በላሁ። 

በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ኮረብታው ላይ አፈሩን የሚይዝ የድንጋይ ካብ ያስፈልግ ነበርና ሽማግሌዎቹ ወደ ላይ የማይወጣ መሠረት ካለ ድንጋዩ ለካቡ ይሁን አሉ። ወደ ላይ የማይወጣ መሠረት አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ ሳኪዩሳና ሁለት ሰዎች ናቫቱ ላይ የብረት ዘንግ ይዘው አገኘኋቸው። የፊቱን ማዕዘን ነቅለው ጨርሰው ነበር። እናትሽ ተቀምጠው ኮኮናት የሚፍቁበት የደጁ ድንጋይ ላይ ደርሰው ነበር። እንዳላየ ማለፍ እችል ነበር። እግሬ ግን ወሰደኝና ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«ውረጂ፣ ይጥልሻል» አለኝ ወንድሜ።

«አልወርድም።»

«ባለቤት የለውም እኮ ቪኒ። ካርታው ላይ እንኳ የለም።»

«ካርታው ላይ የሌለው እኔ ስላጠፋሁት ነው። ማሽኑ ጠይቆኝ ነበር። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሳኪዩሳ ብረቱን መሬት አስቀመጠው። ታውቂዋለሽ፣ መቆጣት አይችልበትም። «ምን አድርጋሽ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ስለ እናትሽ ልነግረው ነበር፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ መቶው ቀንም። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ትታኝ ሄደች» አልኩት።

ለስንት ዓመት ስለ እናትሽ የተቆጣሁ ይመስለኝ ነበር። እናትሽ ገና በሕይወት ሳሉም ተቆጥቼ ነበር፣ ሳላ። የሄድሽ ቀን እኮ ልሸኝሽ ጀልባው ድረስ መጥቼ፣ አንቺ ዞረሽ ሳታዪኝ ገባሽ። አንድ ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ ብለሽኝ ነበርና እኔም አልጠራሁሽም። አንድ ዓመት ምን አላት አልኩ።

በዚያው ዕለት እንደ ወጋችን ለመጠጥ የሚሆን የያንጎና ሥር ጠቅልዬ ይቅርታ ልጠይቅ ሞሞ ዘንድ ሄድኩ። በሩ ላይ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩና ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ መሰደቡ በተሻለኝ። ሥሩን ተቀበሉኝ። 

«ያን ቃል ለሳላኒዬታ ብዬ የጻፍኩት መሰለሽ?» አሉኝ። «ትመለስ አትመለስ እኔ በምን አውቃለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው። ከአውቶቡስ በወረድሽ ቁጥር ያን ቤት ሳታዪ አልፈሽ አታውቂም። ዜሮ ብጽፍበት አንቺ ምን ልታዪ ነው?»

እዚያው በራቸው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያለፍኩበትን ሁሉ ሰው አያይም እያልኩ የኖርኩት ለካ በሰው ፊት ነበር።

ሰኞ ሞሞ በዱላቸው እየተደገፉ ከተማ ወርደው አጣሪዎቹን አናገሩ። የምስክርነቱ ጊዜ አልፏል፣ የሹም ቃል አሁን አይጠቅምም አሏቸው። ነገር ግን ቆጣሪዎች ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ካገኙ ይጨምሩታል። ሞሞ ይህን ሲነግሩኝ እንዲህ አድርጊ አላሉኝም። እኔም ምን ላድርግ ብዬ አልጠየቅሁም። ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ፣ ምንጣፌን፣ አንድ ድስትና አንድ ፋኖስ ይዤ እናትሽ ቤት ገባሁ።

ጣሪያው በአንቺ መኝታ በኩል ያፈሳል። ወለሉ ሁለት ቦታ ረግቧል። መደርደሪያው ላይ የእናትሽ ሁለት ኩባያዎች ተደፍተው አገኘኋቸው፤ በአንዱ የሎሚ ቅጠል ሻይ አፍልቼ ጠጣሁበት፣ ሌላውን አጥቤ እዚያው መለስኩት። ሳኪዩሳ ሳይጠየቅ ድንጋዮቹን መልሶ ተከላቸው። አንዱ አልተገኘም፣ በሱ ፈንታ ከወንዝ ሌላ አምጥቶ አደረገበት፤ ቀለሙ ይለያል።

ሐሙስ የመጣችው ቆጣሪ ወጣት ናት፣ ከእኛ ወገን አይደለችም። በቤቱ የሚኖረው ስንት ሰው ነው አለችኝ። አንድ አልኳት። ዙሪያዋን አየችና ባለቤቷ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለሁም፣ ጠባቂ ነኝ አልኳት። ቅጿ ላይ ለጠባቂ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም መሰለኝ፣ ቁጥሩን ብቻ ጽፋ ሄደች።

ቢሮ ተመልሼ ሰንጠረዡን እንደ አዲስ አስገባሁት። በዚህኛው ጊዜ አንድም ነገር እንዲገምት አልተውኩለትም። መለያው ጽሑፍ፣ ስሙ ጽሑፍ፣ የሰው ብዛቱ ሙሉ ቁጥር፣ የቆጠራው ቀን ቀን። ሠላሳ አንድ ክብ ወጣ። የእናንተ ከሁሉ ታንሳለች፣ ግን አለች። የሳኪዩሳ ክብ ደግሞ እኔ ስለወጣሁ በትንሹ ጠበበች፤ ሚስቱ እስካሁን አልነቃችም። ዲሬንድራ አይቶ «አማቴን ረታሻት» አለኝና ግማሽ ሮቲውን ቆርሶ ሰጠኝ። ናቫቱ ኮረብታው ላይ ሃያ ሦስተኛው ቦታ ተመርቶላታል፣ ከውኃው ቧንቧ ከፍ ብሎ። ከዚያ ሆኖ ባሕሩ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይሰማም።

የማስታወሻውንም አምድ ከፈትኩት። የሞሞን ቃል ልመልስበት ስል ግን አይሆንም አሉኝ። «እኔም በእሷ ፈንታ ተናገርኩ፣ አንቺም በእሷ ፈንታ ዝም አልሽ፤ አሁን እሷው ትናገር» አሉ። ስለዚህ በአንቺ ረድፍ ላይ ያቺ ሳጥን ባዶ ናት።

ቤቶቹ በሚያዝያ ይታደላሉ። ሳጥኗ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ፊደል ትይዛለች፣ የቻልሽውን ያህል ላኪልኝ። «እመጣለሁ» ካልሽ እጽፈዋለሁ። «አልመጣም» ካልሽም ሳላሳምር እጽፈዋለሁ፤ ቦታው ግን የእናትሽ ነው፣ ማንም አይነካውም። ወረቀት ቸግሮሽ ከሆነ እሱን ንገሪኝ፣ አላመንኩም ነበርና ሰባት ዓመት በከንቱ ተቆጣሁ ማለት ነው። ረስተሽን ከሆነም እሱን ንገሪኝ። ይቅርታሽን እለምንሻለሁ። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ ብል ደስ ባለኝ፣ ገና እየሞከርኩ ነው። ናፍቆቱ ግን ከቂሙ ቀድሞኛል።

ማታ ማታ የማወራው ሰው የለኝም። አንቺም እዚያ ይኑርሽ አይኑርሽ አላውቅም።

ቪኒያና
ናቫቱ፣ ናኮሮሳራ
የሰው ብዛት፦ አንድ